ሆን ብለን ሳናደርግ የሴቶቹ ደሞዝ ለምን አነሰ ላልሽው እህቴ

"ድርጅታችን ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሰ ነው የሚከፈላቸው፣ ሆን ብሎ ያደረገው ሰው ግን የለም፣ ከየት እንጀምር?" ላልሽው፣ እኔ ኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ላይ ብዙ ስለሰራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፔይሮሉን፣ ማለትም የደሞዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ በስራ መደብ ደርድሪውና ሰዉ ሲቀጠር በስንት እንደጀመረ ከጎኑ ጻፊ፣ የአሁኑን ደሞዝ ብቻ ካየሽ ነገሩ ከየት እንደመጣ አይገባሽም። እኔ እንደዛ ሳደርግ አንድ ላይ የተቀጠሩ ሁለት አካውንታንቶች አገኘሁ፣ ስራቸው አንድ ነው፣ የምዘና ውጤታቸውም ያው፣ እሱ ግን በደንብ ይበልጣታል። ፋይላቸውን ሳወጣው ለካ የቅጥር ፎርሙ ላይ "የቀድሞ ደሞዝ" የሚል ቦታ አለ፣ እሷ የነበረችበት ቦታ ትንሽ ይከፍላት ስለነበር እዛው ላይ ጨመር ተደርጎ ኦፈር ተሰጣት፣ ለሱም በራሱ የቀድሞ ደሞዝ ላይ። ከዛ በኋላ ለሁለቱም እኩል ፐርሰንት ይጨመራል፣ እኩል ፐርሰንት ደግሞ በገንዘብ ሲሰላ በየአመቱ ልዩነቱን ያሰፋዋል። ያቺን ጥያቄ ከፎርሙ አውጧት! የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ከ2018 እ.ኤ.አ ጀምሮ ቀጣሪ ኦፈር ሳይሰጥ የቀድሞ ደሞዝ እንዳይጠይቅ በህግ ከልክሏል። "ደሞዝ በስምምነት" የሚለውንም ተዉት፣ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ማስታወቂያው ላይ ይውጣ።

ሌላው በጣም የሚያንገበግበኝ የወሊድ ፈቃድ ነው። እሷ አራስ ቤት እያለች የምዘና ጊዜው ያልፋል፣ አልተመዘነችም ተብሎ ጭማሪው ይቀርባታል፣ ስትመለስ ደግሞ እድገቱ ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቃታል። በ2023 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲንም ያሳየችው ይሄንኑ ነው፣ አንድ አይነት ሙያ ላይ ባሉ ወንድና ሴት መሀል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ላይ ላለች ሰራተኛ ቢያንስ የመደቡ አማካይ ጭማሪ ይሰጣት ብላችሁ መመሪያ ውስጥ አስገቡት፣ በአለቃ ደግነት ላይ አትተዉት። አባቶችም ፈቃድ ይውሰዱ፣ ሲወስዱም ማንም ፊቱን አያጥቁርባቸው።

ደግሞ "ስራቸው ይለያያል" የሚል መልስ ቶሎ አትቀበይ፣ የአለም ስራ ድርጅት 100ኛው ስምምነት ከ1951 ጀምሮ የሚለው እኩል ዋጋ ላለው ስራ እኩል ክፍያ ነው፣ የግድ አንድ አይነት ስራ መሆን የለበትም።

ማስተካከያ ስታደርጉ የሷን ከፍ አድርጉ እንጂ የሱን እንዳትነኩ፣ ባጀቱም ከአመታዊው ጭማሪ ተለይቶ ይያዝ፣ ካልሆነ ከሌሎቹ ሴቶች ጭማሪ ላይ ነው የሚቆረጠው።