ለቅሶ ቤት የተናገርኩት

ልጆቼ፣

በነርስነት 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው ደሴ ነው። እዚያ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሼህም ቄስም ሊገኝ ይችላል። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሲከራከር ሰማሁት። «ያልተጠመቀ ገሃነም ነው፣ አለቀ!» ይላል። ደነገጥኩ። ይሄ የእኔ ቃል ነበር።

ያኔ 24 ዓመቴ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ነርስ አባቷ ሞተው ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጥን አጠገቤ ላለው ባልደረባዬ ቀስ ብዬ «ደግ ሰው ነበሩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አልተጠመቁ» አልኩት። ቀና ስል የቡና ትሪ ይዛ ፊቴ ቆማለች። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ቡናው ፈሰሰ። የሲኒውን ዙሪያ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ አቀበለችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ያልኩትን ከራሴ አላመጣሁትም። ጌታ «በእኔ በቀር ወደ አብ የሚመጣ የለም» ብሏል። ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት እንደማይገባም ለኒቆዲሞስ ነግሮታል። ይህን ዛሬም አምናለሁ፣ እናንተም እንድትለቁት አልፈልግም። ግን ያው መጽሐፍ ስለ ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ ስለተሰቀለው ወንበዴም ይነግረናል። ውኃ ሳይነካው፣ መስቀል ላይ ተንጠልጥሎ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ቆርኔሌዎስን ደግሞ አስቡት። ሮማዊ መቶ አለቃ ነው፤ ገና ስለ ክርስቶስ ሳይሰበክለት ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ደርሷል። ያም ሆኖ ጴጥሮስ ተልኮለት፣ ወንጌሉን ሰምቶ ተጠመቀ። አንዱን ግማሽ ብቻ ይዞ የሚጮህ ሰው ስትሰሙ ሌላውን ግማሽ ጠይቁት።

አባቶችም ቢሆኑ በዚህ ነገር አንድ ቋንቋ አልተናገሩም። «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም» የሚለው ሐሳብ የሚጠቀሰው ከካርታጎው ጳጳስ ከቅዱስ ቆጵርያኖስ ነው፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን። የእሱ ጭንቀት ግን ቤተ ክርስቲያንን ከፍለው የወጡት ነበሩ፤ ወንጌል ያልሰማ ገበሬ አልነበረም። ካቶሊኮች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በፍሎረንስ ጉባኤ ቃሉን አጥብቀው፣ አሕዛብንም አይሁድንም ጨምረው አወጁት። በእ.ኤ.አ. 1964 ደግሞ በ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ፣ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልግና ኅሊናው የሚለውን የሚፈጽም ሰው ሊድን ይችላል አሉ። የሚያድነው ግን ያው ክርስቶስ ነው ይላሉ። ወንጌላውያኑ (ፕሮቴስታንቶች) በእ.ኤ.አ. 1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ተሰብስበው፣ ክርስቶስ በሁሉም ሃይማኖት እኩል ይናገራል የሚለውን አንቀበልም ብለው ጻፉ። እንግሊዛዊው የሃይማኖት ፈላስፋ ጆን ሂክ ደግሞ ታላላቆቹ ሃይማኖቶች ሁሉ ወደ አንዱ እውነት ያደርሳሉ አለ። እኔ ከሂክ ጋር አልሄድም። መንገዱ ሁሉ አንድ ከሆነ መስቀሉ ለምን አስፈለገ?

ጀርመናዊው ካህን ካርል ራነር በበኩሉ ስሙን ሳያውቁት የክርስቶስ የሆኑ ሰዎች አሉ ይል ነበር። ሐሳቡ ርኅራኄ አለው። ግን ለጎረቤቴ ፊት ለፊት አልነግረውም። እኔን አንድ ሰው «ሳታውቀው ሙስሊም ነህ» ቢለኝ ቅር ይለኛል።

ብዙ ዓመት ሳውጠነጥን የቆየሁት ጥያቄ በአማርኛ በአንድ ፊደል ይለያያል። ማን ያድናል? ማን ይድናል? ለመጀመሪያው መልስ ተሰጥቶኛል፤ ክርስቶስ ነው። የሁለተኛው መልስ ያለበት ካርድ ግን እኔ እጅ ላይ የለም። አንድ ሰው ጌታን «የሚድኑ ጥቂቶች ናቸውን?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ቁጥር አልነገረውም። «በጠበበው በር ለመግባት ተጋደሉ» አለ። ጠያቂው ስለ ሰው ጠየቀ፣ መልሱ ወደ ራሱ ዞረ።

ስለዚህ ላይቭ ላይ ስትገቡ ስለ ክርስቶስ የምታውቁትን ተናገሩ። ሳታፍሩ፣ ሳትሳደቡ። ስለ ሰው አባት መጨረሻ ግን አትናገሩ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ብዙ ሰው እጄን ይዞ ሞቷል። አንዱ ሸሃዳውን፣ የእስልምናን የእምነት ቃል እያለ፣ አንዱ «አቤቱ ማረኝ» እያለ። እዚያች ደቂቃ ላይ በእነሱና በፈጣሪያቸው መካከል ምን እንዳለፈ አላየሁም። አጠገባቸው ነበርኩ፣ ግን አላየሁም።

ያቺን ባልደረባዬን ይቅርታ የጠየቅኳት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ አብረን ሠርተናል፣ እናቴ ስትታመም ተረኝነቴን ሸፍናልኛለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የቁስል መሸፈኛ ጋዝ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «ሰምቼህ ነበር» አለች። ትንሽ ቆየችና «ያን ቀን አንተም ለአባዬ ጸሎት እንድታደርግለት ነበር የፈለግኩት» አለችኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የአባቷን ስም በልቤ አነሳሁ።