የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰው ሲራመድ የሚዘል መርፌ

ጥያቄ፦ የሸክላ ማጫወቻዬን ያስቀመጥኩት በጣውላ ወለል ላይ በቆመ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ መርፌው ይዘላል። ይረጋጋል ብዬ ከሥሩ እብነ በረድ፣ ከእብነ በረዱ ሥር ደግሞ ሰፍነግ አደረግሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። ምን ዓይነት መቆሚያ ላሠራ?

መልስ፦ ያባሰው ሰፍነጉ ነው። የማጫወቻው ክንድ ከነመርፌው በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት አለው፤ ክንዱና መርፌው ከተስማሙ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሆናል። ሰፍነግም ሸክም ሲያርፍበት የራሱን ፍጥነት ይይዛል፦ 4 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ በሰከንድ 8 ጊዜ ገደማ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ 10 ጊዜ ገደማ። ሁለቱ ሲገጥሙ እርምጃው የቀሰቀሰውን ንዝረት ያጎሉታል። ለስላሳ ነገር ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው ንዝረቱ ከእሱ ፍጥነት 1.4 እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ የጣውላ ወለል በእርምጃ የሚነቃነቀው ደግሞ በዝግታ ነው። ስለዚህ ከሥር የሚነጠፍ መፈለጉን ይተዉትና ማጫወቻውን ከወለሉ ጨርሶ ያላቁት፤ የግድግዳ መደርደሪያ ያሠሩለት።

ግድግዳው የጡብ ወይም የኮንክሪት ይሁን። የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬትም ተራ ፊሸር አይይዝለትም። ከ30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ደጋፊዎች ያስበይዱ። ሰያፉ ብረት እንዳይቀር፤ ያለ እሱ የደጋፊው ጫፍ ይወዛወዛል። እያንዳንዱን በ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከላይ በሁለት፣ ከታች በአንድ ቦታ ግድግዳው ላይ ያጥብቁት፤ ከግድግዳው ለመነቀል የሚጎተተው የላይኛው ነውና።

ለገበታው ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ያጣብቁ። ኮላው ሙሉ ፊቱን ይሸፍን፤ ዳር ዳሩ ብቻ ከተቀባ መሃሉ ክፍት ሆኖ ያስተጋባል። ከባድ ነገር ጭነውበት 24 ሰዓት ይቆይ። ከመቁረጥዎ በፊት የማጫወቻው ክዳን ወደ ኋላ ሲከፈት ግድግዳ እንዳይነካ ይለኩ።

ገበታውን ደጋፊዎቹ ላይ በሚተከሉ አራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ጫፍ ላይ ያሳርፉት። በሦስቱ ካስተካከሉ በኋላ አራተኛውን ገበታውን እስኪነካ ብቻ ያዙሩት፤ ከዚያ ካለፈ ሌላውን ያነሳና ገበታው መንገጫገጭ ይጀምራል። ከዚያ ዳዶዎቹን ያጥብቁ። ውሃ ልኩ የሚቀመጠው ሸክላው በሚያርፍበት ሳህን ላይ ነው፤ ገበታው ቀጥ ብሎ ሳህኑ ሊያዘነብል ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ወለል ኮንክሪት ነው፤ መርፌው አይዘልም። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ግን ጉምጉምታ ይመጣል። የቱቦላሬ መቆሚያዬን እግሮች አሸዋ ልሙላቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ። ሞተሩን አጥፍተው መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ ያሳርፉና ድምፁን በጣም በዝግታ ከፍ ያድርጉ፤ ጉምጉምታው ሲጀምር ወዲያው ይቀንሱት። መርፌውን አንሥተው ድምፁን እዚያው ድረስ ሲመልሱም ጉምጉምታው ከቀጠለ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ይፈትሹ። መርፌው ሲነሣ ከጠፋ ግን የስፒከሩ ድምፅ ወደ መርፌው እየተመለሰ ነው። ስፒከሩ እዚያው መቆሚያ ላይ ካለ ያውርዱት፤ ማጫወቻው የክፍሉ ጥግ ላይ ካለም ያርቁት፣ ወፍራሙ ድምፅ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

አሸዋው የሚያግዘው ብረቱ ሲንኳኳ እንደ ደወል የሚጮህ ከሆነ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 30 ሚሊ ሜትር እግር ወደ 800 ግራም ይወስዳል። አሸዋው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ካለው ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል።