መልስ፦ ኤርምያስ 22፥30 እና 23፥5 ይጋጫሉን?

አይጋጩም። በ22፥30 ከዘሩ ማንም በዳዊት ዙፋን እንዳይቀመጥ የተነገረው እርግማን የወደቀው በይሁዳ ንጉሥ በኢኮንያን ላይ ሲሆን፣ በ23፥5 «ጻድቅ ቍጥቋጥ» (ከዳዊት ዘር የሚነሣ ጻድቅ ንጉሥ) የተባለው የተስፋ ቃል ግን የተሰጠው ለዳዊት ነው፤ ዳዊትም ሌሎች ልጆች ነበሩት። ከዚህም በላይ፣ ኤርምያስ 22፥24 ኢኮንያን የእግዚአብሔር የቀኝ እጅ ማኅተም ቢሆን እንኳ ተነቅሎ እንደሚጣል ሲናገር፣ ሐጌ 2፥23 እግዚአብሔር የኢኮንያንን የልጅ ልጅ ዘሩባቤልን እንደ ማኅተም እንደሚያደርገው ይናገራል፤ በእኔ አስተያየት ይህ የፍርዱን መለዘብ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በጥናት ጉባኤ ደጋግሜ እንደታዘብኩት ብዙዎች ምዕራፍ 23ን ለብቻው ያነባሉ። ከ22፥13 ይጀምሩ። በዚያ የኢኮንያን አባት ንጉሥ ኢዮአቄም ቤቱን በዝግባ አስጊጦ ቀይ ቀለም ሲያስቀባ የሠራተኛውን ደመወዝ ይከለክላል፤ አባቱ ኢዮስያስ ግን በልቶ ጠጥቶም (ነቢዩ ይህን አይነቅፍም) ለድሀው ፈርዶ ነበር። በ23፥5 የሚጠበቀው ንጉሥ «ፍርድንና ጽድቅን» የሚያደርገው በዚህ ሚዛን ነው።