«ሙቀት ሰጪ ጄል ልግዛ ወይ?» ላልሽው እህቴ

የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። ከወለድሽ ሰባት ወርሽ ነው፤ ጡት ታጠቢያለሽ፤ ስትገናኙ ደረቅ ነው፣ ያቃጥልሻል፣ ስሜቱም ጠፍቷል፤ ባልሽ «ሌላ ሰው አለሽ እንዴ?» እስከማለት ደርሷል፤ አንቺ ደግሞ ቴሌግራም ላይ 3,200 ብር የሚሸጥ «የሴቶች ማነቃቂያ ጄል» አይተሽ ልታዝዢ ነው። ስምሽን ደብቀሽ መጻፍሽ አያሳፍርም፤ እኔ ያኔ ደብቄም መጠየቅ አልደፈርኩም። ከላይ በመልስ መስጫው «ማር ቀቢበት»፣ «ባልሽን ጸበል ውሰጂው» ያላችሁ እህቶች እግዜር ይስጣችሁ፤ ለዛሬ ግን እኔ ልናገር፣ የተቃጠልኩት እኔ ነኝና። በተረት አይደለም፣ በቁሜ።

1. እንዳትገዢው።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በ2012 ነው። ያንቺው ታሪክ እንዳለ የኔ ነው። ስምንተኛው ወር ላይ አንዷ ሻጭ «ኦርጅናል ከዱባይ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ሙሽራ» ብላ የለጠፈችውን አይቼ አዘዝኩ። 2,400 ብር፣ ያኔ ብር ብር በነበረበት ጊዜ። ከዳይፐር የቆጠብኳት ናት። ያመጣው የሞተር ልጅ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ፊቴን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሻጯ ምን እንደሆነ ነግራው ኖሯል ማለት ነው።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቀባሁት። «የአተር ፍሬ ያህል» ይላል፤ እኔ ደግሞ ቶሎ ይሥራ ብዬ የባቄላ ያህል አደረግኩት። መጀመሪያ በረዶ ሆነ። ሠራ አልኩ። ደቂቃም አልቆየ፣ ሚጥሚጣ በቁስል ላይ የነሰነሱብኝ መሰለኝ። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሳሙና አጠብኩት። ይኼ ሁለተኛው ስህተቴ ነው፤ ሳሙናው ይብስ አነደደው። የልጄን መታጠቢያ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ ቁጭ አልኩበት። ሮዝ ሳፋ ነው፣ ዳክዬ ያለበት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ምን ሆንሽ?» ይላል፣ እኔ «ሽንት ነው» እላለሁ፤ ሀያ ደቂቃ ሙሉ ሽንት። ሕፃኗም ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፤ ጡቴም በለቅሶዋ ወተቱን ለቀቀው። እንደዚያ ሌሊት ተዋርጄ አላውቅም።

በነጋታው ካርቶኑን በብርሃን አነበብኩት። ሜንቶል፣ አርጂኒን፣ ግሊሰሪን፣ ሽቶ። አለቀ። ሜንቶል ማለት ከረሜላና የጉንፋን ቅባት ውስጥ ያለው ነው፤ ቅዝቃዜን የሚያውቀውን ነርቭ ያታልላል እንጂ እርጥበት አያመጣም። አርጂኒኑ ደግሞ ሰውነታችን የደም ሥር የሚያሰፋ ጋዝ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ወሬው ከዚያ የመጣ ነው። በቱቦው ውስጥ ስንት እንዳለ ግን አልተጻፈም፣ ማን እንደሠራውም አልተጻፈም። ደህና ላለችና እርጥበት ላላት ሴት መጠነኛ መንዘር ሊሰጥ ይችላል። አንቺና እኔ ግን ደህና አይደለንም፤ ቆዳው ሳስቷል።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ነርስ ናት፤ ከወራት በኋላ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። አሜሪካን አገር እንኳ የሴት ልጅ ፍላጎት ሲጠፋ ተብለው የተፈቀዱት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው አለችኝ፤ አንዱ በፈረንጅ 2015 የወጣ ክኒን፣ አንዱ በ2019 የወጣ መርፌ። የሚቀባ የለም። ታዲያ ቴሌግራም ላይ ያለችው ሴትዮ ከየት አምጥታው ነው?

2. ያንቺ ችግር ስሜት አይደለም፣ ድርቀት ነው። ስሜቱ የጠፋው ስለሚያምሽ ነው። ሕመምን ሰውነት ያስታውሳል፤ ገና እጁ ሲነካሽ ትኮማተሪያለሽ፣ አይደል? የምታጠባ ሴት ወተት የሚያወርደው ሆርሞን ሲጨምር የሴትነቱ ሆርሞን ኤስትሮጅን ይወርዳል፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ ደግሞ እዚያ ያለው ቆዳ የወር አበባዋ እንደቆመ የሃምሳ ዓመት ሴት ይሳሳል፣ ይደርቃል። ይኼን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በእርግዝናዬ ወቅት ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ በአርባ አምስተኛው ቀንም ሄጃለሁ፤ ግፊቴን ለኩ፣ የልጄን ክትባት ጠየቁ፣ «የሦስት ወር መርፌ ትወስጃለሽ?» አሉኝ፣ በቃ። «ስትገናኙ ሊደርቅ ይችላል፣ አትደንግጪ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ብር ታስወጣለች?

እናቴ ነፍሷን ይማረውና የወሎ ሰው ነበረች፤ «ወይባ ግቢ፣ ያጠነክርሻል» አለችኝ። ገባሁ። ጋቢ ተከናንቤ ጭሱ ላይ ተቀመጥኩ። የፊቴና የገላዬ ቆዳ እንደ ሙሽራ አበራ፣ ሽታውም ሳምንት አልለቀቀኝም፣ ይኼን አልክድም። እዚያ ታች ግን የደረቀውን ጭራሽ አደረቀው። ወይባ ከወደድሽ ለገላሽ ግቢ፤ ለዚህ ችግር ግን አይሆንሽም።

3. ፋርማሲ ቆመሽ እንዳትመረመሪ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ።

ከጄሉ በኋላ ሰፈሬ ያለ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ የልጄ አስተማሪ ነው። ቀስ ብዬ «የሚያለሰልስ ጄል አለ? ለ... ለሴት» አልኩት። ወጣቱ ልጅ «አልሰማሁሽም፣ ለምንድን ነው?» አለ ጮክ ብሎ። «ለድርቀት» አልኩ። «የሆድ ድርቀት?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠጋ ብዬ በጆሮው ስነግረው ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ «ፈንገስ ነው» ብሎ በማህፀን የሚገባ ክሎትሪማዞል ለስድስት ቀን ሰጠኝ። ፈንገስ አልነበረብኝም። ሳያሳክክሽ፣ ፈሳሽ ሳይኖርሽ ለፈንገስ የሚሰጡሽን አትቀበዪ። ስድስት ቀን አስገባሁት፣ ይባስ ተቆጣ።

ከዚያ የግል ክሊኒክ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ገና ወልደሽ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። ለዚህ መልስ ካርድና ምርመራ ተብሎ 600 ብር ከፈልኩ። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ ረዳቱ እንኳ አዝኖልኝ ሂሳብ ሳይቀበለኝ ቀረ።

ያዳነችኝ ሦስተኛዋ ናት። ሸምገል ያለች የማህፀን ሐኪም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። በሩን ዘጋች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ምን ቀባሽበት?» ብላ ነው። ቆጠርኩላት፦ ጄል፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ክሎትሪማዞል፣ ጭስ። «ልጄ፣ ድስት አደረግሽው እኮ» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ከስንት ወር በኋላ የሳቅኩት ያኔ ነው። በመብራት አየችኝና ቆዳው ገርጥቷል፣ ስስ ነው፣ ቁስል ግን የለም አለች።

ቀጥላ ደግሞ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ፦ «በልጅነትሽ ተገርዘሻል?» አዎ። ይኼን የምጽፈው ከእኛ ብዙዎቻችን ስለሆንን ነው፤ በፈረንጅ 2016 በተደረገው የአገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካለን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘናል። እኔ «ከእኔማ ተቆርጦ ተጥሏል፣ ስሜት ከየት ይመጣል» ብዬ ዘግቼው ነበር። ወረቀት አውጥታ ሳለችልኝ። ውጪ የሚታየው የቂንጥር ጫፉ ብቻ ነው፣ አብዛኛው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ አለችኝ። ጠባሳው ካለ ድርቀቱ የበለጠ ያማል፣ ስለዚህ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ለእኛ እጥፍ ነው። 33 ዓመት ሞልቶኝ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ የገዛ አካሌን ሥዕል ያየሁት ያን ቀን ነው። ወረቀቷን አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ይዣታለሁ።

4. የሰጠችኝ ይኼ ነው፤ ያንቺን ግን ያንቺ ሐኪም ታይልሽ።

በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል፣ ሽቶ የሌለው፣ «ሙቀት ሰጪ» የማይል፣ ጣዕም የሌለው። እንጆሪ እንጆሪ የሚለው ለኬክ ይሁን። በጣም የወፈረና በግሊሰሪን የተሞላ ከሆነ ሥጋ ላይ ጨው እንደመነስነስ ነው፤ ከቆዳው ውስጥ ውሃውን ይስባል፣ ቋንጣ ያደርግሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2012 ለዚህ መለኪያ አውጥቷል፤ ኦስሞላሊቲ ይሉታል፣ ጄሉ ውስጥ የሟሟው ነገር ብዛት ማለት ነው፤ ከ380 ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከ1,200 ካለፈ ግን አይሆንም። ገበያ ላይ ያሉ ስመ ጥሩዎቹ ሳይቀሩ የሚያልፉ አሉ። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ በውስጡ ካሉት ነገሮች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞች አንብቢ፣ ግሊሰሪን አለበት ወይ ብለሽ። በውሃ የተሠራው ቶሎ ይደርቃል፤ መሃል ላይ ጨምሪበት፣ አትፈሪ። የሲሊኮኑ ይቆያል፣ ግን አንሶላ ያበላሻል።

ቫዝሊን፣ የኮኮናት ዘይት፣ የሕፃን ዘይት፦ ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ፈጽሞ። ዘይት የኮንዶሙን ላስቲክ ያሳሳውና ይቀደዳል። የጎረቤቴ ሦስተኛ ልጅ ስሙ «ያልታሰበ» መሆን ነበረበት፤ ይቅርታ ጎረቤቴ፣ ካነበብሽው ራስሽን ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው የኤስትሮጅን ቅባት ነው። እንደማጠባ ነግሬያት መጠኑን ትንሽ አደረገችው፤ ለሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። ይኼ ለግንኙነት ተብሎ ማታውን የሚቀባ አይደለም፣ ቆዳውን ቀስ ብሎ የሚያድስ መድኃኒት ነው። የጡት ካንሰር ኖሮብሽ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ያለ ወር አበባሽ ደም ካየሽ ከመጀመርሽ በፊት ተናገሪ። ለማግኘት ሰባት ፋርማሲ ዞርኩ፤ «የለም»፣ «አልቋል»፣ አንዱማ «ለእናትሽ ነው?» አለኝ። በመጨረሻ ሐኪሟ የጻፈችውን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ፣ በሰው እጅ መጣልኝ፣ ከበርበሬና ከሽሮ በተገላቢጦሽ መንገድ። ሦስት ሳምንት ግድም ላይ ለውጡ ተሰማኝ። በአንድ ሌሊት እንደ ሙሽራ አልሆንኩም፤ ብቻ አንድ ቀን ሳያመኝ እንዳለፈ ያስተዋልኩት ጠዋት ቡና ሳፈላ ነው።

5. ለባልሽ ንገሪው። እኔ አልነገርኩትም፣ ዋጋ የከፈልኩትም በዚህ ነው።

ለካ እሱም በጎን የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። እኔ ስሸሽ ሲያይ «ቶሎ ስለምጨርስ ጠልታኝ ነው» ብሎ ከመንገድ ላይ የማቆያ ስፕሬይ ገዝቶ ይነፋ ነበር። እሱ ውስጥ ያለው ማደንዘዣ ነው፣ ጥርስ ሐኪም እንደሚጠቀምበት ያለ። ሳይጠርገው ሲመጣ ወደ እኔ ይተላለፋል። አስቢው እንግዲህ፦ እኔ እንዲሰማኝ እቀባለሁ፣ እሱ እንዳይሰማው ይነፋል፣ አንድ አልጋ ላይ። ወራት ሙሉ «እኔ ደንዝዣለሁ» ብዬ ያለቀስኩት ግማሹ በእሱ ስፕሬይ ነው። ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከካልሲ ውስጥ ባላገኘው እስከዛሬ አናውቅም ነበር።

ያን ቀን ሁለታችንም ዕቃችንን አልጋው ላይ ደርድረን እንደ ሱቅ ቆጠርነው። ተቆጣሁ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ እሱ አለቀሰ። የሳፋውን ነገር ያን ቀን ነው የነገርኩት። ሐኪሟ ሳይገባ ብዙ ጊዜ አሳልፉ፣ አትቸኩሉ ያለችውን ለእሱ ለማስረዳት የሳለችልኝን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት፤ መነጽሩን አድርጎ እንደ መሬት ካርታ አጠናው። የእኔ ባል መልካም ሰው ነው፤ ያንቺም «ሌላ ሰው አለሽ» ያለው ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ከተሳደበ ወይም በግድ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻዬ ጻፊልኝ።

ስድስተኛ ምን ልል ነበር? አዎ፣ በዲቶልና በሳሙና ውስጡን አትታጠቢ። ውጪውን በውሃ፣ በቃ። ደም ካየሽ፣ ሽታ ካለው ወይም ሽንት ስትሸኚ ከቆረጠመሽ ቅባት ሳትፈልጊ ሂጂ፣ ያ ሌላ ነው። ጡት ስትቀንሺም አብዛኛው በራሱ ይመለሳል፤ የእኔ ልጅ በዓመት ከአራት ወሯ ስታቆም ቅባቱንም ተውኩት።

የሐኪሟን ቦታ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ እዚህ አልጽፍም፤ ወረፋዋ እንዲሁም አይቻልም።

ጄሏን አልጣልኳትም፣ 2,400 ብር እኮ ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ጉንፋን ይዞት በጨለማ ሲፈልግ እሷን አግኝቶ ደረቱንና አፍንጫው ሥር ለቅልቋት ተኛ። ጠዋት «ይቺ ቅባት አሪፍ ናት፣ ከየት ገዛሻት?» አለኝ።