ማታ ማታ ምግብ ማድረስ ያዋጣል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ በአጭሩ ልመልስልሽ ብዬ ነበር። ግን የተሰጡሽን አስተያየቶች ሳነብ አንዱ «በቀን 200 ዶላር አለሽ» ይላል፣ ሌላው «መኪናሽን ገደል አትክተቺ» ይላል፤ ሂሳቡን የጻፈልሽ ግን የለም። ትንሽ ረዘም ቢልብሽም ታገሺኝ።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ እህታችን አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፣ ቀን ነርሲንግ ሆም ትሰራለች፣ ተከፍሎ ያለቀ ኮሮላ አላት። ከስራ በኋላ ምግብ ማድረስ ልጀምር ወይ ብላለች። ባለቤቷ «ከገባሽበት አይቀር ሰው ጫኚ» ይላታል፣ እሷ ደግሞ ማታ የማታውቀውን ሰው ከኋላዋ አስቀምጣ መንዳት አልፈለገችም። መጨረሻ ላይ በተማሪ ቪዛ የመጣ ወንድሟ አልፎ አልፎ በእሷ አካውንት ቢሰራ ችግር አለው ወይ ብላ ጠይቃለች። እኔ ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ እሰራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ እሁድ ዶርዳሽና ኡበር ኢትስ የሚባሉትን የምግብ ማድረሻ አፖች እያቀያየርኩ መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። የማውቀው ይህንን የኛን አካባቢ፣ ዲሲንና ሰሜን ቨርጂኒያን ነው።

መጀመሪያ ማንም ያላነሳልሽን ላንሳ። መስሪያ ቤትሽ ኦቨርታይም የሚሰጥሽ ከሆነ እሱን አስቀድሚ። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ስትሰሪ በሕጉ አንድ ተኩል ነው የሚታሰብልሽ፤ የጋዝም የጎማም ጣጣ የለብሽም፤ የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን ግማሽ አሰሪሽ ይከፍልልሻል። ምግብ ማድረስ በገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የሚበልጥበት በሰዓቱ ነው። ልጅ አስተኝተሽ ሁለት ሰዓት ሰርተሽ ትመለሻለሽ፣ ሲደክምሽ አፑን ትዘጊና ትገቢያለሽ፣ ፈቃድ የምትጠይቂው አለቃ የለም። ኦቨርታይም ከሌለ ወይም ሺፍቱ ለቤትሽ ካልተመቸ፣ አዎ ያዋጣል፤ ማይልሽን የምትቆጥሪ ከሆነ።

እንዴት ማለት መሰለሽ። ስክሪንሽ ላይ አንድ ኦርደር መጣ እንበል፤ 7 ዶላር ከ50፣ 2 ማይል ተኩል። ሌላው ደግሞ 11 ዶላር፣ 12 ማይል፣ ከስፕሪንግፊልድ ማዶ። የጀማሪ ዓይን 11ዱ ላይ ነው የሚያርፈው። 12 ማይል ሄደሽ ካደረስሽ በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ መኖሪያ ቤት ነው፣ ሬስቶራንት የሚባል የለም፤ 12ቱን ማይል ባዶሽን ትመለሻለሽ። 24 ማይል ለ11 ዶላር ማለት ነው። የግብር መስሪያ ቤቱ አይአርኤስ ራሱ ለ2025 ለስራ ለተነዳ መኪና በማይል 70 ሳንቲም ነው ያሰበው፤ በዚያ ስሌት ሲኬድ የ24 ማይሉ ወጪ 16 ዶላር ከ80 ነው። ያንቺ ኮሮላ ተከፍሎ ያለቀና ጋዝ የማይፈጅ ስለሆነ ወጪው ያንሳል። ግማሹን ብቻ እንያዝልሽ ብንል እንኳ 8 ዶላር ከ40 ይሄዳል፣ በእጅሽ የሚቀረው 2 ዶላር ከ60 ነው፣ ያውም ለአንድ ሰዓት ልፋት። በዚያው ሰዓት ከነዚያ ከትንንሾቹ ሁለት ወይ ሦስት ትሰሪ ነበር። እኔ በማይል 2 ዶላር ካልደረሰ ጣቴን አላነሳም፤ ሰኞና ማክሰኞ ሲቀዘቅዝ እስከ 1 ከ50 እወርዳለሁ፣ ከዚያ በታች ግን ቤቴ ሄጄ ብተኛ ይሻለኛል።

«አልቀበልም ስል አይቀጡኝም ወይ» ትይ ይሆናል። ዶርዳሽ ላይ ኦርደር ስላልተቀበልሽ አካውንትሽ አይዘጋም። የሚያዘጋው ተቀብለሽ መተው ነው፤ የተቀበልሽውን የመጨረስ መጠንሽ ወይም የደንበኞች ነጥብሽ ኩባንያው ካስቀመጠው በታች ከወረደ ነው የሚያሰጋው። እርግጥ ብዙ ለሚቀበል ሰው ጥሩ ጥሩውን ኦርደር እናስቀድማለን ይላሉ። እኔ እሱን አሳድጄ ያተረፍኩት የለም፤ ሌላው ሰው ሌላ ሊልሽ ይችላል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከቲፕ ነው። ኩባንያው ከኪሱ የሚከፍልሽ ለአጭር መንገድ ብዙ ጊዜ 2 ዶላር ቢሆን ነው፣ የቀረው የደንበኛው ነው። ስለዚህ 2 ዶላር ከ50 ብሎ የሚመጣ ኦርደር ቲፕ የለውም ማለት ነው፣ አትድከሚ፣ እላይ አራተኛ ፎቅ አድርሼ ይጨምርልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ኡበር ኢትስ ላይ ደግሞ ደንበኛው ቲፑን ካደረስሽ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊቀይረው ይችላል። ትልቅ ቲፕ አስይዞ ምግቡን ከበላ በኋላ የሚሰርዝ ሰው አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን የደረሰብሽ ቀን ያበግንሻል።

ሰዓቱ በፈረንጅ ከ5 እስከ 9 ነው። ዓርብና እሁድ ማታ ጥሩ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ቲፑም ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ 3 ላይ እንደወጣሽ ጀምረሽ መኪና ውስጥ ከምትቀመጪ እስከ 5 ቤትሽ እረፍ በይ።

ሰፈር ላይ ምክሬ ቀላል ነው፤ ሬስቶራንቱ የራሱ ፓርኪንግ ያለበት ቦታ ሥሪ። ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ስካይላይን፣ ዱክ ስትሪትና ቫን ዶርን ዙሪያ በር ላይ አቁመሽ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ኦልድ ታውን ቲፑ ደህና ነው፣ ኪንግ ስትሪት ላይ ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሪ ግን ምግቡም አንቺም ትቀዘቅዛላችሁ። ክሪስታል ሲቲና ሮዝሊን ረጃጅም ፎቅ ነው፤ ሎቢው ላይ ስምሽን ትሰጫለሽ፣ ሊፍቱ ያለ ቁልፍ አይነሳም፣ ደንበኛው ስልክ አያነሳም። ዲሲን በተቻለሽ መጠን ራቂው። የፍጥነት ካሜራው ከተፈቀደው ከ11 እስከ 15 ማይል ካለፍሽ 100 ዶላር ነው፣ በጊዜው ካልከፈልሽ ወይ ካልተከራከርሽ እጥፍ ይሆናል። አንድ ብልጭታ የአንድ ማታ ስራሽን ይዞት ይሄዳል። ቨርጂኒያም ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ክልክል ነው፣ የመጀመሪያው 125 ዶላር፣ ሁለተኛው 250። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ከሁሉ አስቀድመሽ የምትገዢው ጠንካራ የስልክ ማቆሚያ ይሁን።

የሐበሻ ሬስቶራንት ኦርደር ሲመጣ እኔ አዳላለሁ፣ አልደብቅሽም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የቤተሰብ ምግብ ነው፣ ሂሳቡ ከፍ ስለሚል ቲፑም ከፍ ይላል። ግን አያያዙን እወቂበት። ሽሮው እየተንተከተከ ነው ትንሿ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገለበጠው፣ ክዳኑን እንፋሎቱ ከታች ይገፋዋል። ከረጢቱን ወንበር ላይ ካስቀመጥሽው የመጀመሪያው መብራት ላይ ፍሬን ስትይዢ ክዳኑ ይነሳና እንጀራው ይርሳል፣ ደንበኛው ደግሞ ፎቶ አንስቶ የሚልከው ወዲያው ነው። እኔ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ በአንድ በኩል የውሃ ጠርሙስ፣ በሌላው በኩል የክረምት ጫማዬን አስደግፈዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ካሸሯ ልጅ ደግሞ «ምግብ በልተሃል ግን?» ሳትል አትሰጠኝም። በሌላው ሬስቶራንት ቀና ብሎ የሚያይሽ የለም፣ ስልክሽን ታሳያለሽ፣ ከመደርደሪያው ታነሻለሽ፣ ትወጫለሽ። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ አስቢበት፤ ሁዳዴን የሰው የቤከን በርገር እያሸተቱ መንዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መስኮት ከፈት አድርጎ መሄድ ነው እንግዲህ።

ማታ ስለመሥራት፣ ሴት ስለሆንሽ ብቻም ሳይሆን ለሁላችንም፦ ስልክሽ ያለሽበትን ቦታ ለባለቤትሽ እንዲያሳይ ክፈቺው። በር ላይ አስቀምጪ የሚለውን ኦርደር አስቀምጠሽ፣ ፎቶ አንስተሽ መሄድ ነው። «ግቢና ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ» የሚል ካለ ደጅ ላይ አስቀምጠሽ በጽሑፍ ንገሪው። ውሻ ሲጮኽ ከሰማሽ ከመኪና ሳትወርጂ ደውዪ። ጥር ላይ ደረጃው በረዶ ስለሚሆን የሆስፒታል ጫማሽን ቀይሪ።

አሁን ደስ ወደማይለው ልግባ፣ ኢንሹራንስ። አንድ የማውቀው ልጅ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ የቆመ መኪና ከኋላ ገጨ። ኢንሹራንሱ የመጀመሪያ ጥያቄው «በሰዓቱ ምን እየሰራህ ነበር» የሚል ሆነ። ፒዛ ይዞ ነበር፤ የያዘው የግል ብቻ ስለነበር የራሱን መኪና ከኪሱ አሰራ። ብዙዎቹ ተራ የግል ኢንሹራንሶች ለክፍያ ዕቃ ወይም ምግብ ስታደርሺ አይሸፍኑም። ዶርዳሽ ኦርደር ይዘሽ እያለሽ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሺው ጉዳት ሽፋን አለው፣ ያንቺን መኪና ግን አይጠግንም። ስለዚህ ኤጀንትሽ ጋ ደውዪና «ምግብ ማድረስ ልጀምር ነው፣ የዴሊቨሪ ሽፋን ጨምሩልኝ» በያቸው። የማይሰጡ ከሆነ የሚሰጥ ፈልጊ። የሚጨምርብሽን በወር አስልተሽ ከገቢሽ ላይ አንሺ፤ በሳምንት አንድ ማታ ብቻ የምትወጪ ከሆነ እሱ ራሱ ላያዋጣሽ ይችላል።

ታክሱን ደግሞ ብዙ ሰው ሚያዝያ ላይ ነው የሚነቃው። ነርሲንግ ሆሙ ደብሊው ቱ የሚባለውን የደመወዝና የታክስ ወረቀት ይሰጥሻል፣ ተቆርጦ ነው የሚደርስሽ። ዶርዳሽ ምንም አይቆርጥም፣ አንቺ የራስሽ ሥራ ባለቤት ነሽ የሚባለው፣ የሚልክልሽም 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ባይመጣም ከወጪ ቀሪ ትርፍሽ በዓመት 400 ዶላር ከሞላ ማሳወቅ አለብሽ፣ 15.3 በመቶ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስም አለብሽ፤ ቀን ሥራ ላይ አሰሪሽ የሚከፍልልሽ ግማሽ እዚህ ጋ ካንቺ ነው የሚወጣው። በምሳሌ ልበልሽ። በ2025 አንድ ሰው 10,000 ዶላር ሰርቶ 9,000 ማይል ነዳ እንበል። ማይሉን የመዘገበ ሰው በ70 ሳንቲም 6,300 ያስቀንሳል፣ ትርፉ 3,700 ነው፣ ይኸኛው ታክስ 523 ዶላር አካባቢ ይመጣበታል። ያልመዘገበው ግን በጠቅላላው 10,000 ላይ ነው የሚታሰብበት፣ ወደ 1,413 ዶላር። የተለመደው የገቢ ታክስ ደግሞ ከዚህ ላይ ተጨማሪ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ቀኑን፣ ስትነሺና ስትገቢ መኪናው ላይ የሚታየውን የማይል ቁጥር ጻፊ። አፕም አለ፣ ደብተርም ይበቃል። አፑ ዓመቱ ሲያልቅ የሚልክልሽ ግምት ኦርደር ፍለጋ የነዳሽውን ሁሉ ላይዝልሽ ይችላል፣ በሱ አትተማመኚ። ሌላ ደግሞ፣ በማይል ስሌቱ ካስቀነስሽ ጋዝና ጥገናን ለብቻ ማስቀነስ አትችይም፣ ከሁለቱ አንዱን ነው።

በየሦስት ወሩ ለአይአርኤስ መላክ የሚሉት ነገር ከከበደሽ ቀላል መንገድ አለ። ነርሲንግ ሆሙ ደብሊው ፎርሽን፣ ከደመወዝሽ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚሞላበትን ፎርም፣ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ፣ በየቼኩ 30 ወይ 40 ዶላር ተጨማሪ እንዲቆርጡ አድርጊ። ሳይታወቅሽ ይከፈላል፣ ዓመት ሲያልቅም አትደነግጪም።

ስለ ወንድምሽ አልሸፋፍንልሽም፤ አይሆንም። በኤፍ ዋን፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሠራ አልተፈቀደለትም፣ ሌላው ቀርቶ ሁለት ሰዓትም ብትሆን። ቪዛውን የሚያበላሽበት ነገር ነው፤ በኋላ ወረቀት ሲያመለክት «ያለፈቃድ ሠርተሃል ወይ» ተብሎ ይጠየቃል። ላንቺም ቢሆን አካውንቱ ይዘጋል፣ የሠራው ገንዘብ በስምሽ ታክስ ይመጣበታል፣ ቢጋጭ ደግሞ ማን ነበር የነዳው ሲባል የምትመልሺው የለሽም። እዚህ አካባቢ አካውንት የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሲዘጋባቸው ግን ሲያወሩት አይሰማም። ልጁ ካምፓስ ውስጥ የሚፈቀድለትን ሥራ ይፈልግ።

ባለቤትሽም አልተሳሳተም፣ ሰው መጫን ኤርፖርት ቅርብ ስለሆናችሁ ገንዘብ አለው። ግን አንቺ ካልተመቸሽ አልተመቸሽም፣ ሽሮ አያናግርሽም፣ በሩን በኃይል አይዘጋብሽም። እሱ ከፈለገ እሱ ይጫን።

ስትመዘገቢ መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቁሻል፣ የጀርባ ምርመራው ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሰፈሩ ሹፌር ሞልቶት ከሆነ ተራ ጠብቂ ይሉሻል፤ ያኔ ሌላኛው አፕ ላይም ተመዝገቢ። ዶርዳሽ ገንዘቡን በየሳምንቱ ባንክሽ ውስጥ ያስገባል፤ ዛሬውኑ ካልሽ 1 ዶላር ከ99 ይወስድብሻል፣ ካልቸገረሽ ሳምንቱን ጠብቂ።

የኮሮላሽን ዓመተ ምህረትና አሁን በጋሎን ስንት ማይል እንደምትሄድልሽ፣ ኤጀንቱም ስንት እጨምራለሁ እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ላንቺ በማይል ስንት ሲሆን መቀበል እንዳለብሽ አስልቼ እነግርሻለሁ።