ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ፦ ከካርትሪጁና ከፎኖ ፕሪአምፑ በፊት ሞተሩን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሰበታ ነህ፤ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ፓዮነር ፒኤል-12ዲ ሸክላ ማጫወቻ ገዝተሃል፤ የካርትሪጁ (በክንዱ ጫፍ ሆኖ ከሸክላው ድምፁን የሚያነበው ዕቃ) መርፌ ተሰብሯል፤ ስፒከርህ የራሱ ማጉያ ያለው ሆኖ መግቢያው ኦክስ (ተራው የድምፅ መግቢያ) ብቻ ነው፤ ሸክላዎችህ በብዛት የ1960ዎቹ ባለ 45 ዙር ነጠላዎች ናቸው። በቅርቡ ከውጭ የሚመጣ ሰው ስላለ የትኛውን ካርትሪጅና የትኛውን ፎኖ ፕሪአምፕ (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ ለኦክስ የሚያዘጋጅ ማጉያ) ላስመጣ ነው ያልከው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሳህኑ ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስለኛል፣ የሰፈራችን መብራት ደካማ ስለሆነ ይሆናል» ብለህ አልፈኸዋል። እኔ የምጀምረው ካለፍከው ነገር ነው። እሱ ሳይስተካከል ምንም ዓይነት ካርትሪጅ ብታስመጣ ትርፉ ብስጭት ነው።

ጥፋቱ የመብራቱ መድከም አይደለም። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ሲንክሮነስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ቮልቴጁ ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በኸርዝ የሚለካው) ነው። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ 50ውን ኸርዝ 60 አያደርገውም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ጥዶ አምፖልህ ሲገረጣ ሳህኑ ከነበረበት ፍጥነት አይወርድም፤ መብራቱ ደህና ሲሆንም አይሻሻልም። 33⅓ ዙሩ 27.8 ገደማ፣ 45 ዙሩ 37.5 ይሆናል። በዜማ ሲሰላ ከሦስት ሰሚቶን በላይ መውረድ ነው፤ ሴቷ ድምፃዊት ጎርናና ወንድ፣ ሳክስፎኑ ትሮምቦን ይመስልሃል።

በመጀመሪያ ከታች ያለውን ታርጋ አንብብ። 50 ኸርዝ ከሚለው ወገን ከሆነ ወይም ሁለቱንም የሚል ከሆነ ሌላ ሰው ፑሌጃውን (ሳህኑን የሚያዞረው ቺንጋ የሚጠመጠምበትን የሞተሩን ጎማ) ቀድሞ ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል በመለካት አረጋግጥ። መለኪያው ወረቀት ነው፦ ለ50 ኸርዝ መብራት፣ በክቡ ዙሪያ 180 ጥቁር መስመር ያለው ለ33⅓፣ 133 መስመር ያለው ለ45። ሳህኑ ላይ አድርገህ አዙረውና መስመሮቹ ባሉበት ቆመው ከታዩህ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሸሹ ከመሰሉ ዘግይቷል። መብራቱ ግን ከ50 ኸርዙ ኤሌክትሪክ ጋር የሚርገበገብ መሆን አለበት። ብዙዎቹ የዛሬ ኤልኢዲ አምፖሎች በበቂ ሁኔታ አይርገበገቡም፤ የድሮ ባላስት ያለው ዱላ አምፖል ወይም በጨለማ የመብራት መፈተሻ ካቻቢቴ ውስጥ ያለችው ኒዮን ትሠራለች። ከኢንተርኔት የምታወርደው ወረቀት 216 መስመር ያለው ከሆነ የ60 ኸርዝ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዘግይቶ ከተገኘ መድኃኒቱ የ50 ኸርዝ ፑሌጃ ነው። ተፈልጎ ካልተገኘ ጥሩ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይሠራዋል፣ ሒሳቡን ግን አንተ ስጣቸው። ዲያሜትሩን በ1.2 ማባዛት ብቻውን ትንሽ ያሳስታል፤ የቺንጋው ውፍረትም ይቆጠራል። ለምሳሌ የፑሌጃው እርከን 9.0 ሚሊሜትር፣ ቺንጋው 0.6 ቢሆን፣ 9.6ን በ1.2 ታባዛለህ፤ ከሚመጣው 11.52 ላይ 0.6ውን መልሰህ ትቀንሳለህ፤ 10.92 ይሆናል። ለሁለቱም እርከን እንዲሁ ታደርጋለህ። የሁለቱም እርከን ሆድ መሐሉ ላይ ትንሽ ከፍ ማለቱን እንዳይረሱት፣ ቺንጋው መሐል ላይ የሚቀመጠው በእሱ ነው። ቀዳዳው ከመሐል ትንሽ ካፈነገጠ ደግሞ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ረዥም የፒያኖ ኖታ ላይ ወዲያው ይታወቅሃል።

ለመብራት መጥፊያ ብለህ ርካሽ ኢንቨርተር ላይ አትሰካው። ሞገዱ ካሬ የሆነ ኢንቨርተር ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋል፣ ጩኸቱም በሳህኑ በኩል መርፌው ድረስ ይመጣል።

አሁን ካርትሪጁ። ሙቪንግ ማግኔት (መርፌው ማግኔት የሚያንቀሳቅስበትን) ያዝ፣ ሙቪንግ ኮይል (የሽቦ ጥቅል የሚያንቀሳቅስበትን) ተው። ሙቪንግ ማግኔቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይሰጣል፣ መርፌውን በእጅህ ስበህ ትቀይራለህ። ዴኖን ዲኤል-103 ስሙ የገነነ ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ስለሆነ ሺህ እጥፍ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ይፈልጋል፣ ያን ያህል ስታጎላ የቤቱ ሁም (ከኤሌክትሪኩ የሚመጣው እምምታ) ሁሉ አብሮ ይጎላል። መርፌው ሲያልቅም የሚላከው ካርትሪጁ ራሱ ነው።

ለዚህ ማጫወቻ የኔ ምርጫ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ቤተሰብ ነው። ገላው አንድ ሆኖ መርፌው ብቻ ይቀያየራል፤ ቪኤም95ሲ ጫፉ ክብ ነው፣ ቪኤም95ኢ ሞላላ። ሁለቱም በ2 ግራም ይጫወታሉ፣ የሚፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2 ነው። ብዙ ሰው «ሞላላው ይበልጣል» ብሎ ይጨርሰዋል። ለአዲስ ሸክላ እውነት ነው፤ ሞላላው ወደ ሸክላው መሐል ሲጠጋ የሚመጣውን የድምፅ መበላሸት ይቀንሳል። የአንተዎቹ የአምሃ፣ የካይፋና የፊሊፕስ ነጠላዎች ግን ግማሾቹ በግብዣ ቤት ያለቁ ናቸው። እነሱ ላይ ሞላላው የቦዩን ቁስል ሁሉ ቆጥሮ ሲያሰማህ ክቡ ያልፈዋል። ስለዚህ ቪኤም95ኢን ሙሉውን፣ የቪኤም95ሲን መርፌ ብቻ ለብቻ አስመጣ፤ ለቆሰሉት ሲውን፣ ለንጹሖቹ ኢውን ትሰካለህ። በስፒከሩ ወይም በመሐል በሚገባ ሚክሰር የሞኖ ቁልፍ ካለህ ደግሞ የሞኖ ሸክላ ስታጫውት ተጫነው፤ የአቧራና የጭረቱ ድምፅ በግልጽ ይቀንሳል።

ክንዱና ካርትሪጁ መስማማት አለባቸው የሚባለው ወሬ አይደለም። የክንዱን፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምር፣ በካርትሪጁ ልስላሴ (ኮምፕላያንስ በሚሉት ቁጥር) አባዛ፣ ሥረ-መሠረቱን አውጣ፣ 159ን በዚያ አካፍል። መልሱ ክንዱና ካርትሪጁ አብረው የሚንቀጠቀጡበት ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ መሐል ቢሆን ጥሩ ነው። የእንዲህ ዓይነቱን ባለ ኤስ ቅርጽ የጃፓን ክንድ ከነሄድሼሉ (ካርትሪጁ ከሚታሰርበት ጫፉ ጋር) በ15 ግራም እንያዘው። ቪኤም95ኢ 6 ግራም ነው፤ የጃፓን አምራቾች ልስላሴውን በ100 ኸርዝ ስለሚለኩት የተጻፈውን 7 ገደማ ወደ 10 ኸርዙ ለመለወጥ በ1.7 ብናባዛ 12 ይሆናል። 15፣ 6 እና የብሎን 1 ሲደመር 22፣ በ12 ሲባዛ 264፣ ሥረ-መሠረቱ 16.2፤ መልሱ 9.8 ኸርዝ። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ጥሩ ካርትሪጅ ነው፤ ግን 7.2 ግራም ከብዶ ልስላሴውም 20 ስለሆነ እዚህ ክንድ ላይ 7.4 ኸርዝ ይወርዳል። ያን ጊዜ የተንሻፈፈ ሸክላና የእግር ኮቴ መርፌውን ያናውጡታል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ልጆች ከሚሮጡበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ካጠረህ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ3600ኤል አለ፤ ክብ መርፌ፣ ወደ 3 ግራም የሚጫን፣ ብዙ የሚችል ጠንካራ ነው። ያገለገለ ካርትሪጅ ከነመርፌው አትግዛ። ሹር ካርትሪጅ መሥራት ያቆመው በፈረንጆች 2018 ነው፤ «ኦሪጅናል የሹር መርፌ» ሲሉህ ሁለት ጊዜ አስብ። ሌላም ልጨምር፦ የድሮ ሻንጣ ዓይነት ማጫወቻ ያላቸው አባላት ይህን ምክር አይከተሉ፤ በነዚያ ላይ ያለው ባብዛኛው ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው፣ ፎኖ ፕሪአምፕ አይፈልግም፣ ክንዱም ለ2 ግራም አልተሠራም።

ወደ ፕሪአምፑ ስንመጣ፣ ገመዱን በቀጥታ ኦክስ ላይ መሰካት የማይሠራው ድምፁ ስለሚያንስ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አርአይኤኤ በሚባለው ልክ በ20 ኸርዝ ወደ 20 ዴሲቤል መቀነስ፣ በ20 ኪሎኸርዝ ወደ 20 ዴሲቤል መጨመር ነው። ፎኖ ፕሪአምፑ ይህን ገልብጦ ይመልሰዋል፣ ከዚያም መቶ እጥፍ (40 ዴሲቤል) ያጎላዋል፤ 4 ሚሊቮልቱ 400 ይሆናል፣ ለኦክስ ይበቃል።

ምርጫዬ አርት ዲጄ ፕሪ ቱ የምትባለው ትንሽ ሳጥን ናት፣ በሦስት ምክንያት። አንደኛ፣ የካፓሲታንስ (ገመዱና መግቢያው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙበት መጠን) መቀያየሪያ አላት፣ 100 ወይም 200 ፒኮፋራድ። ቪኤም95 ከገመዱ ጋር ተደምሮ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ይፈልጋል። ከዚያ ሲያልፍ ቀጭኑ ድምፅ መጀመሪያ ይሾላል፣ ከበላዩ ይቆረጣል፤ ዘፋኙ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ባለ ቁጥር ያፏጫል። ያንተን ገመድ በመልቲሜትር ለካው፦ ሄድሼሉን ንቀል፣ ገመዱን ከሁሉም ነገር አላቅ፣ በአርሲኤ መሰኪያው መሐል ፒንና በዳር ቀለበቱ መሐል ለካ። 100 ገደማ ካነበበልህ ሳጥኗን 100 ላይ አድርጋት። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛውን ንዝረት የሚቆርጥ ማጣሪያ አላት፤ የተንሻፈፈ ሸክላ ሲዞር የስፒከርህ ሸራ ነፋስ እንደመታው መጋረጃ ከመወዛወዝ ይድናል። ሦስተኛ፣ የምትሠራው በ12 ቮልት ዲሲ ነው።

ይህ ሦስተኛው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አስመጪህ የሚያመጣው አዳፕተር 120 ቮልት ብቻ ከሆነ 220 ላይ በሰካኸው ቅጽበት ይቃጠላል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል 12 ቮልት ዲሲ አዳፕተር እዚሁ ገዝተህ የፖላሪቲውን ምልክት አመሳስለህ ትጠቀማለህ። መውጫው ኤሲ የሆነ አዳፕተር የሚፈልጉ ፕሪአምፖች ግን አሉ፤ እነሱን በመኪና ባትሪም በሌላም መተካት ስለማትችል ተዋቸው። ለዋይፋይ የምንጠቀምበት ሚኒ ዩፒኤስም 12 ቮልት ይሰጣል፣ ግን ራውተሩና ፕሪአምፑ ከአንድ ሳጥን ሲመገቡ ቀጭን ጭርጭርታ ይገባል። ለየብቻ አድርጋቸው።

ስትገጥመው መርፌውን ከካርትሪጁ አውጥተህ አስቀምጥ። የሄድሼሉ ሽቦዎች ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጋቲቭ ናቸው። ክሊፖቹን በትንሽ ፒንሳ አንገታቸውን ይዘህ ግፋ እንጂ ሽቦውን አትጎትት፤ ክሊፕ ከላላ በጥርስ መፋቂያ ላይ አድርገህ በስሱ ጨፍልቀው። ፒኑ ላይ በካውያ ብየዳ ፈጽሞ አይሞከርም፣ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ክር መሰል ሽቦ ይበጥሰዋል። ብሎኖቹን ግማሽ አጥብቀህ፣ መርፌውን መልሰህ፣ የታተመ ፕሮትራክተር (የካርትሪጁን አቀማመጥ የሚያሳይ ወረቀት) ላይ አሰላለፉን አስተካክል፤ ወረቀቱ መቶ በመቶ መታተሙን በማስመሪያ አረጋግጥ። ከዚያ አንቲስኬቱ (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚይዘው ማስተካከያ) ዜሮ ላይ ሆኖ ክንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ድረስ የክንዱን የኋላ ክብደት አመጣጥን፣ ቁጥር ያለበትን ቀለበቱን ዜሮ አድርግ፣ ክብደቱን ወደ 2 አዙር። የቀለበቱ ቁጥር በአሮጌ ማጫወቻ ስለማይታመን ባለ 0.01 ግራም ትንሽ ሚዛን አብረህ አስመጣ። አንቲስኬቱንም 2 ላይ።

ሁሙ ከዚህ በኋላም ካልጠፋ፣ መጀመሪያ የማጫወቻው ቀጭን የመሬት ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ ባለው ብሎን መታሰሩን እይ። ቀጥሎ ክንዱን በእጅህ ወደ ትራንስፎርመሩ አስጠጋና አርቅ፤ ሁሙ ከተለዋወጠ ጥፋተኛው የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ወዲያ አድርገው። ካልተለዋወጠ ሽቦ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ የመሬት መስመር አለው ማለት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስለካ፣ ሽቦውን ግን ኒውትራል ላይም ውሃ ቧንቧ ላይም እንዳታስር።

ፑሌጃውንና ቺንጋውን በካሊፐር ለክተህ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፍልን፣ ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት ሒሳቡን አብረን እናየዋለን።