«ወሰድሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ አብረን እንኖራለን። ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ካለን ሁለት ዓመት ሆነው። ለግፊት ኢናላፕሪል፣ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። የምንሰጣት እኔና እህቴ እየተፈራረቅን ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለታችንም ሰጥተናት ኖሮ ላብ አጠመቃት፣ ተንቀጠቀጠች። «እማዬ፣ ወሰድሽ?» ስንላት አንዴ አዎ፣ አንዴ አልወሰድኩም ትላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጠየቁን ተዉት። ይህ በሽታ አስቀድሞ የሚያጠፋው የቅርቡን ነው። እናታችሁ የልጅነታቸውን የሰኞ ገበያ ውሎ አብጠርጥረው ያወሩ ይሆናል፤ ከ10 ደቂቃ በፊት የዋጡት ክኒን ግን ከሐሳባቸው ጠፍቷል። «አዎ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ እናንተን ለማሳረፍ ነው።

ላቡና መንቀጥቀጡ የስኳር መውረድ ምልክት ነው፤ ከሦስቱ በዋናነት የሚጠረጠረው ግሊቤንክላማይድ ነው። ቢደገም፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳራቸውን በመለኪያ ለኩ፤ ከ70 ሚ.ግ/ዲ.ኤል በታች ከሆነ ድገሙት፤ ሲሻላቸው ምግብ ስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ በጎን አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሷቸው። ቢነቁም ከመሄድ አትቅሩ፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ለአረጋውያን ብዙም የማይመከረው በዚሁ ጠባዩ ነውና በቀጣዩ ቀጠሮ የሚተካው እንዳለ ሐኪሙን ጠይቁ።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ መድኃኒቱ በሙሉ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። ራስጌ የተንጠለጠለ የመድኃኒት ፌስታል ካለ፣ እናታችሁ ራሳቸው ሦስተኛ ሰጪ ሆኑ ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ አንድ ደብተር በክር እሰሩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ በልተዋል ወይ፣ የሰጪው ፊርማ። የሚፈረመው ክኒኑ እጃቸው ላይ ሲቀመጥ ሳይሆን ውሃ ጠጥተው አፋቸው ባዶ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው፤ ጉንጭ ውስጥ አቆይቶ ትራስ ስር መክተት የተለመደ ነገር ነው። መሰጠቱ ካጠራጠረና ሌላኛችሁ ስልክ ካላነሳ አትስጡ። ለእነዚህ ሦስት መድኃኒቶች አንዴ መዝለል ከመደረብ ይሻላል፤ የተዘለለውንም በሚቀጥለው ሰዓት ደርቦ ማካካስ የለም።

የሳምንቱን አንድ ሰው ብቻ ይደልድል። ባለክፍልፋይ የክኒን ሳጥን ካልተገኘ 14 ትንንሽ ፖስታ ይበቃል፤ ለሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። በላያቸው «ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። «8:00» ብሎ መጻፍ ጣጣ ነው፤ አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሰጥ ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ይደግማል። ክኒኑን ከነእሽጉ በመቀስ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡም ስትሰጡ ልጣችሁ ይሁን፤ የመርሳት ሕመምተኛ ከነሽፋኑ ሊውጠው ይችላል፣ ሹል ጥጉም ጉሮሮ ይቆርጣል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። አምራቹ ሲለወጥ የክኒኑ መልክ ይለወጣል፤ ያለፈው ወር ትርፍ ካለ አሮጌውና አዲሱ «ሁለት መድኃኒት» ተብለው አብረው ይሰጣሉ። መልኩን ትታችሁ ስሙንና ሚሊግራሙን አስተያዩ።

ግሊቤንክላማይድ ያለ ምግብ አይሰጥም፤ ቁርስ እምቢ ካሉ እሱ ይቅር። ረመዳንን ልጹም የሚሉ ከሆነም ወሩ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ይያቸው። በጾም ሰዓት የወረደ ስኳር «ደከማቸው» ተብሎ ይታለፋልና።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። የመርሳት በሽታ ያለበት አባቴ ክኒን ይተፋል። አምሎዲፒንና ስሙ ላይ «ኤስ አር» የሚል ያለበት ሜትፎርሚን ታዞለታል። ፈጭቼ ሻይ ውስጥ ልጨምረው?

መልስ፦ አምሎዲፒኑ ይፈጫል፤ ሜትፎርሚኑ አይፈጭም። «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር»፣ «ሪታርድ» የሚሉት ቀስ እያሉ እንዲለቁ የተሠሩ ናቸው፤ ከተፈጩ ለሰዓታት የታሰበው ባንዴ ይለቀቃል። ሐኪሙ ወደ ተራው ሜትፎርሚን ይለውጥልዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

ሻዩን ይተዉት። ግማሹ ብርጭቆ ከተረፈ ግማሹ መድኃኒትም ቀረ፤ ዱቄቱም ታች ይዘቅጣል። አንድ ማንኪያ እርጎ ወይም የተፈጨ ሙዝ ውስጥ አድርገው ከምግቡ በፊት ይስጧቸው። ሙሉ ሳህን ላይ ከነሰነሱት መምረሩ ምግቡን ያስጠላቸዋል። ተደብቆ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙም ቤተሰቡም ይወቀው።

ከመፍጨት በፊት ግን አቀማመጣቸውን ይዩ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ውሃ፣ ከዚያ አንድ ክኒን ብቻ፣ አገጭ ትንሽ ዝቅ። ከዋጡ በኋላ 30 ደቂቃ አይጋደሙ። እምቢ ካሉ አይታገሏቸው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ይምጡ፣ የቅድሙን ረስተውታል። ድድና ጥርሳቸውንም ይመልከቱ፤ መትፋቱ ከሕመም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የመርሳት በሽታ ያለባት አያቴ ሌሊት አትተኛም። የሚያስተኛ ነው ብለውን የጉንፋን ክኒን ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃታት። በሽታው ባሰባት?

መልስ፦ በቀናት ውስጥ እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር የመርሳት በሽታው አካሄድ አይደለም። መጀመሪያ ክኒኑን ጠርጥሩ። በጉንፋንና በአለርጂ ክኒኖች ውስጥ የሚገኙት ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ በሐኪም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም፣ አዕምሮ ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ይገታሉ። በበሽታው አስቀድሞ የሚያንሰው ይኸው ነው፤ የመርሳት በሽታ መድኃኒት የሆነው ዶኔፔዚል የሚታዘዘውም እሱን ለማቆየት ነው። ሁለቱን አብሮ መስጠት አንዱ በሠራው ሌላው እንደማፍረስ ነው።

ያለ ትእዛዝ የተገዛውን አቁሙ። የታዘዘውን፣ በተለይ ለማረጋጊያና ለእንቅልፍ የሚሰጠውን ዲያዜፓምን፣ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ድንገት ሲቋረጥ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ሽንት መቼ እንደሸኑ አጣሩ፤ እነዚህ ክኒኖች ሽንት ይይዛሉ፣ ሆድም ያደርቃሉ። ሽንት ከተያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ለእንቅልፉ፣ ሽንት የሚያሸናው የግፊት መድኃኒት ማታ እየተሰጠ ከሆነ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ጠይቁ። የማታው ቡናም ከአቦል እስከ በረካ አብሯቸው የሚዘልቅ ከሆነ ለጠዋት ይሁን። ለቀጠሮ ስትሄዱ ቤት ያለውን ሁሉ፣ የጉንፋኑንም ክኒን ጭምር፣ ከነእሽጉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።